ማሽኑ ሰላም አለው

ባሌ ሸምሱ ሆዳም ነበር። ይህን ስል የሚቆጣ ዘመድ አለ፤ ይቆጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ያበሰልኩለት እኔ ነኝ። ሥራው ጨፋ ላይ በሬ እያደለበ ሰንበቴ ገበያ ወስዶ መሸጥ ነው። አንድ ሰንጋ በቀን ምን ያህል መብላት እንዳለበት በዓይኑ መጥኖ ያውቃል፤ የራሱን ልክ ግን አያውቅም። ሰርግ ቤት ሲገባ አሳላፊዎቹ ይጣቀሳሉ። «ሸምሱ መጣ፣ ሌላ ድስት አውጡ!» ይላሉ፤ እሱም ሙገሳ መስሎት ይስቃል። ሆዳም እንብርት የለውም ይባላል። የእሱስ ነበረው፤ ራሱ ካየው ግን ዓመታት አልፈውታል።

ስኳር አለብህ ከተባለ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ሐኪሙ ነጭ ክኒን ሰጠውና፣ «ይህን ጠዋትና ማታ ሳታቋርጥ ትውጣለህ፤ ምግብ ትቀንሳለህ፣ ለስላሳ አትጠጣም። አለዚያ ዓይንህን ወይም እግርህን፣ ሲብስም ነፍስህን ታጣለህ» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአፉ ዘበኛ ሆንኩ። ክኒኑን ቆሜ አስውጠዋለሁ። ማር ከቤቴ ጠፋ። ጉርሻ ከእጄ አልቀመሰም። እህቶቹ፣ «ወንድማችንን በረሃብ ልትፈጂው ነው» ሲሉኝ፣ «በእናንተ ጥጋብ ከሚሞት በእኔ ረሃብ ይኑር» እላቸዋለሁ። ስስታም የሚል ስም ወጣልኝ፤ ስሙም ከሚሴን አዳረሰ። ግድ አልነበረኝም፤ ባሌ በሁለት እግሩ ይሄድ ነበር።

ቶፊቅ የመጣው ይሄኔ ነው። የሸምሱ የአጎት ልጅ ነው፤ ትናንት ጫማ ይሸጥ የነበረ፣ ዛሬ ስልኩን ፊቱ አቁሞ ስለ ጉበትና ስለ ጣፊያ የሚያስተምር። ከእርድ፣ ከአረንጓዴ ሻይና ከወይን ልጣጭ የተጨመቀ ነው የሚለውን እንክብል በብልቃጥ ይዞ ቤታችን ገባ።

«አያ ሸምሱ፣ አብሽር! ይሄን ከምግብ ጋር ዋጥ ካደረግክ የበላኸው ሁሉ ስብም ስኳርም ሳይሆን ይቀልጣል። ውጭ አገር ቅቤ ብቻ ያበሏቸው አይጦች ይሄን ሲሰጧቸው ምንም አልሆኑም።»

«ባሌ አይጥ ነው?» አልኩት።

«ሃደ ሰልሳቢል፣ አንቺማ ሳይንስ አትወጂም» አለኝ። የሰልሳቢል እናት ማለቱ ነው፤ ሰልሳቢል አሥረኛ ክፍል የምትማር ልጃችን ናት።

ሸምሱን ያሳሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወይን። መጠጥ እንዳይሆንበት ፈርቶ ብልቃጡን ይዞ ሸኹ ዘንድ ሄደ። ሸኹም፣ ፍሬው ከሆነ ሐላል ነው አሉት። ያድን እንደሆነ ግን ሐኪሙን አልጠየቀም። በነጋታው ነጩን ክኒን ተወ። ጮህኩ፣ አለቀስኩ፣ ክኒኑን ፈጭቼ ሾርባ ውስጥ ጨመርኩበት፤ መረረኝ ብሎ ደፋው። «ከምግብ ጋር» የሚለውንም እንደ ሆዱ ተረጎመው፤ እንክብሉ የሚሠራበት ምግብ ማግኘት አለበት አለ። ሦስት ወር እንዲህ በላ። ውሃ አላረካው አለ፤ ሽንት ቤት ይመላለሳል፤ እየበላ ከሳ። ሸምሱ ቀበቶውን በሁለት ቀዳዳ ሲያጠብቅ ቶፊቅ አይቶት፣ «አየሽ፣ ስቡ ቀለጠ!» አለኝ።

የእህቱ ልጅ የኢርፋን ሰርግ ዕለት ዳሱ መሐል ተጣላን። ሸምሱ ሦስት ሳህን ጨርሶ ሁለተኛ ለስላሳውን ሲያጋምስ አላስችል አለኝ፤ በሰው ፊት ጮህኩ። «ይሞታል! ክኒኑን ካልጀመረ ይሞትብኛል!» ቶፊቅ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ፤ ከኪሱም አዲስ የስኳር መለኪያ መዘዘ። ማሽን ይፍረድ አለ። ተስማማን። መጥፎ ካለ ሸምሱ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ደህና ካለ እኔ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ሰው ከበበን። ጣቱን ወጉት።

ማሽኑ ቁጥር አላወጣም። ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈ። ቶፊቅ «ኤች፣ አይ» ብሎ ቆጠራቸውና ሰልሳቢልን ጠራት።

«አንቺ ተማሪዋ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?»

ልጄ ጎንበስ ብላ አየች። «ሃይ ይላል። ሰላም ማለት ነው» አለች።

«ሰላም አለው! ማሽኑ ሰላም አለው!» ብሎ ቶፊቅ ጮኸ። ዳሱ ሙሉ ሰው አውካካ። አንድ ሽማግሌ «ወአለይኩሙ ሰላም» ብለው ለማሽኑ መለሱለት። በኦሮምኛም በአማርኛም ደህና ነው ተባለ።

እኔም አመንኩ። የቶፊቅን አፍ ባላምን የልጄን አመንኩ። ሁለት ዓመት የተሸከምኩት ፍርሃት ወረደልኝ፤ ደስ አለኝ፤ እዚያው ማልቀስ አማረኝ። ሸምሱ ግን ደክሞት ነበር፤ ከንፈሩ ደርቋል። እህቶቹ ሊያጎርሱት ሲሉ «በቃኝ» አለ። ከተጋባን ወዲህ በቃኝ ሲል ገና ያን ቀን ሰማሁት። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ስስታም ያሉኝ ሁሉ ይዩ ብዬ ትልቅ አድርጌ ጠቀለልኩና፣ «በአላህ ይዤሃለሁ፣ ይቺን ከእጄ» አልኩት። ሴቶቹ እልል አሉ። ቶፊቅ ስልኩን አስጠጋ። ሸምሱ ዓይኔን አየኝና ጎረሰ።

በነጋታው ረፋድ ላይ ብቀሰቅሰው ብቀሰቅሰው አልነቃ አለ። መኪና ለምነን ደሴ ሆስፒታል አደረስነው። ነርሷ ጣቱን ወጋችው፤ ያው ሁለት ፊደል ወጣ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም አለው» አልኳት።

«ምን አሉ እማማ?»

ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። «ይሄ ሰላምታ አይደለም። «ከፍተኛ» የሚለው እንግሊዝኛ ሲያጥር ነው። ስኳሩ ማሽኑ ከሚቆጥረው ሲያልፍ ቁጥር ትቶ ይሄን ይጽፋል። መቼ ነው ያያችሁት?»

«ትናንት፣ በምሳ ሰዓት።»

«ትናንት ብታመጡት ይተርፍ ነበር» አለች። ልጅ ናት፤ መዋሸት ገና አልለመደችም።

ሐሙስ፣ የዐስር ሶላት ሳይሰገድ ሞተ። ሰልሳቢል ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄደችም፤ እኔም ሂጂ ለማለት ፊት የለኝም።

ቶፊቅ ለቅሶ መጥቶ ከእኔ በላይ አለቀሰ። ቪዲዮውን አጥፋልኝ አልኩት። «ሃደ ሰልሳቢል፣ ሰው የሚወደው እኮ ያንቺን ጉርሻ ነው» አለኝ። አላጠፋውም።

ባለፈው ሳምንት ሙና የምትባል ሴት ከባቲ ድረስ አጠያይቃ መጣች። ባሏ ስኳር አለበት፤ ሸምሱ እንክብሉን እንዴት ይወስድ እንደነበር ልትጠይቀኝ ነው።

«ተይ እህቴ፣ ባሌን የገደለው እሱ እንክብል ነው» አልኳት።

በሐዘኔታ አየችኝ። «ቶፊቅ ነግሮናል። እንክብሉማ ሠርቶለት ነበር አለን። በቃኝ እያለ በግድ ያጎረሰችው ሚስቱ ናት የገደለችው ብሎናል። እኔ በግድ አላጎርሰውም፤ አይስጉ።»

ውሸቱን ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። የቱ ላይ እንደዋሸ መለየት አቃተኝ።