የክረምቶቹ ጫጩቶች መኖ

እነዚህ ጫጩቶች ለምንድን ነው የማያድጉት? እማማ ይህን ጥያቄ ካልጋቸው ሲነሡም፣ ፊታቸውን ሲታጠቡም፣ ዳቦ ሲቆርሱም ያመላልሱታል። ጫጩቶቹ እንደ በጋዎቹ ከዚያው መፈልፈያ ማሽን የወጡ፣ ከእነዚያው እናቶች እንቁላል የመጡ ናቸው። መኗቸውም ያው ነው። የበጋዎቹ በዚህ ዕድሜያቸው ክንፋቸው ሞልቶ፣ ደረታቸውን ነፍተው እርስ በርስ ይደባደቡ ነበር። እነዚህ ግን ጀርባቸው ገና ላባ ሳይለብስ፣ አንገታቸውን ቀብረው ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይውላሉ።

የዶሮው ነገር ብቻ ቢሆን እማማ እንቅልፍ ባላጡ። የሚያስጨንቃቸው የልጅ ልጃቸው ነገር ነው። ልጅቱ እናቷ ከሞተች ወዲህ የምትኖረው እማማም ባሉበት ባጎቷ ቤት ነው። አጎቷ፣ የእማማ አንድ ለእናቱ የቀረ ልጅ፣ ከቤቱ ጓሮ ዶሮ ያረባል። የበጋዎቹን ጫጩቶች ያሳደገችው ሚስቱ ናት፤ የክረምቶቹ ደግሞ፣ «እስቲ ይቺም እጇን ታሳየን» ተብሎ ለልጅቱ ተሰጡ። አሁን ጫጩቶቹ ቀጭጨው፣ የመኖው ጆንያ ግን ከበጋው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። ምራቲቱ ሁለቱን ደምራ አንድ ቃል አወጣች፦ ሌባ።

«እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አለች በዚያ ጠዋት ባዶውን ጆንያ እያራገፈች። «ዶሮዎቹ አልበሉትም። ታዲያ ማን በላው? ግድግዳው?»

«አይጥ ይሆናላ» አሉ እማማ፤ ራሳቸውም ሳያምኑበት።

«አዎ፣ አይጥ! ባለ ሁለት እግር አይጥ!»

ልጅቱ ከጓሮ ስትገባ ፀጉሯ በዝናብ ርሶ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ ነበር። «ይበላሉ እኮ፣ እትዬ። ቀኑን ሙሉ ነው የሚበሉት።»

«ቀኑን ሙሉ የሚበላ ይከሳል? እኔ ውሃ ብጠጣ እወፍራለሁ፣ ያንቺዎቹ ጆንያ ውጠው ይመነምናሉ! ለማን ነው የምትሸጭው? ዝም ብለሽ ንገሪኝ።»

«ለማንም።»

«ዓይንሽን በጨው አጥበሽ!»

ባልየው ጫማውን እያሰረ ቀና አለ። ጭቅጭቅ ሰልችቶታል፤ የሚሰለቸው ሰው ደግሞ ካጠፋው ይልቅ ደካማው ላይ ይጮኻል። «ከሥራ ስመለስ መልስ እፈልጋለሁ» አለ ወደ ልጅቱ ጣቱን ቀስሮ። «የእህቴ ልጅ ነሽ ብዬ ሌባ አላኖርም። ሻንጣሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

የት ትሄዳለች? አሉ እማማ በልባቸው። ከዚህ የባሰ ደግሞ አንድ ሐሳብ ሰውነታቸውን እንደ መርፌ ወጋቸው፤ ሰርቃ ቢሆንስ? ልጅ ናት፤ የልብስ፣ የጫማ አምሮት ይኖራታል። በዚህ ሐሳባቸው ራሳቸውን ረገሙና በርጩማቸውን አንጠልጥለው ወደ ዶሮ ቤቱ ወጡ። በዓይኔ ሳላይ አልነሣም ብለው በሩ ሥር ቁጭ አሉ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ሰጋቱራ ረጥቧል። ጫጩቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ይቆዩና ድንገት ተበትነው መመገቢያው ላይ ይሰፍራሉ፤ ተጣድፈው ይለቅማሉ፤ ተመልሰው ይደራረባሉ። ትንሽ ቆይተው እንደገና። ረፋዱን ሁሉ እንዲሁ ነው። ልጅቱ መመገቢያውን ሞላችው፤ ገና ከጓሮው ሳትወጣ ጎደለ።

እማማ አንዷን ጫጩት አነሡ። ጉሮሮዋ ሥር ያለው የምግብ ከረጢት ጢም ብሏል። እግሯ ግን ብረት የነኩ ያህል ቀዘቀዛቸው። ቀና ብለው ማሞቂያውን አምፖል አዩት። ጨለማ ነው።

«ይሄ ለምን ጠፋ?»

«ቀን ቀን አይበራም ብለዋል እትዬ። በበጋ እሳቸው እንደዚያ ነው ያሳደጓቸው።»

«በበጋማ ፀሐይ ነበረ!»

«ይህንኑ ብያቸው ነበር» አለች ልጅቱ ሰጋቱራውን በእንጨት እየገለበጠች። «‹ልታስተምሪኝ ነው?› አሉኝ።»

እማማ ትምህርት የተዉት ገና በልጅነታቸው ነው። የተማሩት ሁሉ ግን አልጠፋቸውም፤ አስተማሪያቸው ገላ ማለት ምድጃ ነው፣ ምግብ ማገዶው ነው ሲሏቸው ሳቅ ይዟቸው እንደተቀጡ ያስታውሳሉ። ምስኪኖች! የበሉትን ለመሞቅ እያነደዱት በምን ሥጋ ያብቅሉ? ጆንያው የት እንደገባ አሁን ገባቸው። ጫጩቷን ወደ ጓደኞቿ መልሰው ወደ ቤት ገቡና የልጃቸውን መመለስ ይጠብቁ ጀመር።

እንደመጣ ያቺን ጫጩት ከጓሮ ይዘው ገቡና ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ነገሩት። ሲነግሩት ይቻኮላሉ፣ ይደነቃቀፋሉ፣ የጀመሩትን ሳይጨርሱ ሌላ ይጀምራሉ።

ምራቲቱ በሳቅ ፈረሰች። «ምድጃ! እማማ ደግሞ በዚህ ዕድሜያቸው አስተማሪ ሆኑልን!»

«አንቺ ዝም በይ። እንካ፣ እግሯን ያዝ» አሉት ልጃቸውን፤ ጫጩቷን መዳፉ ላይ አኖሩለት።

ያዘ። ፊቱ ተለወጠ። «በረዶ ናት» አለ፤ ወደ ሚስቱ ዞሮም፣ «አምፖሉን ያስጠፋሽው አንቺ ነሽ?» አላት።

ያን ጊዜ ሴትዮዋ እሳት ጎረሰች። «እንዲያ ነው! ቆጥቤ፣ ቤት አቅንቼ፣ መጨረሻ ላይ ጥፋተኛዋ እኔ! ንጹሕ ከሆነች ሻንጣዋ ይከፈታ! ምን ያስፈራል?»

«እንዳታደርገው» አሉ እማማ የልጃቸውን እጅጌ ይዘው። «ካመንከኝ ምን ትፈትሻለህ?»

«አምኛለሁ፣ እማዬ። እንየውና ይለቅልን፤ ይቺም ትረፍ፣ እኛም እንረፍ።»

ሻንጣው መሐል ወለል ላይ ተከፈተ። ምራቲቱ ልብሱን አንድ ባንድ እያነሣች አራገፈችው፤ የውስጥ ልብሱን ሳይቀር። ማበጠሪያ ወደቀ። የሟች እናቷ ሻሽ ወደቀና በጭቃ ጫማ የተረገጠው ወለል ላይ ተዘረጋ። ሌላ ምንም የለም። አንዲት ፍሬ መኖ እንኳ አልነበረም።

ልጅቱ በሩ ጋ ቆማ ታያለች።

«በቃ፣ አለቀ» አለ አጎቷ ጉሮሮውን እየጠራረገ። ዓይኑን ግን ከወለሉ አላነሣም። «ከዛሬ ጀምሮ አምፖሉ ቀንም ይበራል። የትም አትሄጂም። ነገሩን እንርሳው።»

«እኔ ለቤቱ ብዬ ነው» አለች ሚስቱ። «ደግሞስ መኖውን ሌላ ቦታ ደብቃው እንደሆነ ማን ያውቃል...»

«ኧረ በቃሽ!»

ልጅቱ ጎንበስ ብላ ሻሹን አነሣች፤ አራገፈችው፤ ጭቃው ግን አልለቀቀም። ልብሷን መልሳ ከተተች። ከዚያ ጫጩቷን ካጎቷ መዳፍ ወሰደችና ወደ ጓሮ ወጣች። እማማ በመስኮቱ ሲያዩ የዶሮ ቤቱ ስንጥቆች ቢጫ ብርሃን አወጡ። እፎይ አሉ። አበራችው፤ እንግዲህ ይሞቃቸዋል፣ ያድጋሉ፤ እሷም ቁጣዋ ይበርድላታል ብለው አሰቡ። ሻይ ሊቀዱላት ብርጭቆ ፈለጉ።

ተመልሳ ስትገባ ግን አልተቀመጠችም። ሻንጣዋን አነሣች።

«ወዴት ነው?» አሉ እማማ ብርጭቆውን እንደያዙ። «ንጹሕ ነሽ እኮ ተባለ! ሰምተሽ የለም? እንዴ፣ በዚህ ዝናብ... ጃንጥላ እንኳ ያዢ! አንተ፣ አንድ ነገር በላት እንጂ!»

ልጃቸው ጫማውን ሊፈታ ጎንበስ አለ። ልጅቱ ባጠገቡ አልፋ፣ በሩን ከፍታ ወጣች።