የቦማል መርፌ

ድመት ስኳር ይይዘዋል ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሰው ይይዘዋል፤ አማቴ ዓይኗ የጠፋው በሱ ነው። ድመት ግን ዓሣ እንጂ ኬክ አይበላ፣ ስኳሩን ከየት አመጣው? የእንስሳት ሐኪሟን ዶክተር ሂዮንን እንዲሁ ብዬ ጠየቅኋት። ገና ልጅ ናት፣ ከኔ ልጅ ከሚሪምም ታንሳለች። ቦማል ጠረጴዛዋ ላይ ተጋድሞ ያየኛል። በአንድ ወር ውስጥ ሥጋው ሁሉ ሟምቶ አጥንቱ ቀርቷል፤ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ የሚረካ አይደለም።

«እማማ፣ ከምግብ ብቻ የሚመጣ አይደለም» አለችኝ። «ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያብሉትና መርፌው ላይ እስከ ሁለተኛው መስመር መድኃኒቱን ሞልተው ይውጉት። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይም እንደዚያው። ሳይበላ እንዳይወጉት። ሲንገዳገድ ካዩት ስኳሩ ከልክ በላይ ወርዷል ማለት ነው፤ ድዱን ማር ይቀቡትና ይዘውት ይምጡ።»

«እስከ መቼ ድረስ?»

«ዕድሜ ልክ።»

«የሱን ዕድሜ ነው የኔን?»

ሳቀች። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ ትንፋሼን ይዤ ከባህር ሥር ቀንድ አውጣ እየለቀምኩ ነው የኖርኩት። ባሌ በሞተ በዓመቱ ነው ይሄን ድመት ከወደቡ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ያገኘሁት፤ ለዚህ ነው በትንሿ የባህር ቀንድ አውጣ ስም ቦማል ያልኩት። ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖርን። ቤት ውስጥ የምቆጣው ሌላ ሰው የለኝም።

መርፌው ጉድ አደረገኝ። ቀንድ አውጣ ከድንጋይ ላይ በብረት ፈልቅቄ የማወጣ ሴትዮ፣ ያቺን ፀጉር የምታህል መርፌ ይዤ የት እንደምሰካት ይጠፋኛል። ቦማል ደግሞ ያውቅብኛል፤ ገና መድኃኒቱ ያለበትን ማቀዝቀዣ ስከፍት አልጋ ሥር ነው። ሁለት ቀን ሞክሬ ሁለት ቀን ምንጣፉን ወጋሁ። በሦስተኛው ቀን በቅርጫት አድርጌ ወደ ጠላቂዎቹ ቤት ይዤው ሄድኩ። ከባህር ስንወጣ ልብስ የምንቀይርባት፣ ምድጃ ያለባት አንዲት ክፍል ናት። ዘጠኝ ሴቶች ነን፤ አለቃችን እትዬ ማንሱን ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«ኦክቶፐስ በባዶ እጅሽ አንቀሽ የምታወጪ ሴት ድመት አሸነፈሽ?» አለችኝ።

«ኦክቶፐስ ዓይን ዓይኔን እያየ አያለቅስም» አልኳት።

ስቃ እጄን ያዘችልኝ። ጎረቤቴ ቹንጃ የቦማልን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ አነሳችልኝ። የቀሩት ከበው ያያሉ፣ አንዷ ትመክራለች፣ ሌላዋ ምክሩን ታጣጥላለች። መርፌው ገባ። ቦማል የሰማውም አይመስልም፣ የእትዬ ማንሱንን እጅ ይልሳል። ከዚያ በኋላ በጠዋት በምንጠልቅበት ቀን ሁሉ እዚያው ነበር የምወጋው፤ ሴቶቹም ከኔ እኩል ለመዱት።

እኔ ግን ሰላም አጣሁ። ውሃ ውስጥ ሆኜ ሰዓት ነው የማስበው። በላ ወይስ አልበላም? የጠዋቱን አስመለሰው ይሆን? እንዲህ እያሉ አይጠለቅም፤ ትንፋሽ ያልቃል፣ እጅ ባዶ ይወጣል። ቁጭ ስል መነሳት ያምረኛል፣ ስነሳ የተነሳሁበትን እረሳለሁ። ያም ሆኖ ማታ የለቀምነውን የያዘው መረባችን ሲመዘን ከማንም አላንስም ነበር፤ በዚህ እኮራ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ጆሮዬን ልታይ ከተማ ሄድኩ፤ ጠላቂ ሁሉ ጆሮዋ ይታመማል። አምስት ሰዓት እንደሚጨርሱ ነግረውኝ ዘጠኝ ሰዓት ለቀቁኝ። አውቶቡሱ ደግሞ መንገድ ላይ ቆመ፤ ነፋሱ ዛፍ ጥሎ ኖሯል። አሥራ አንድ ተኩል ሆነ። አሥራ ሁለት ሆነ። ተነስቼ ሹፌሩ ጀርባ ቆምኩ።

«እናቴ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለኝ።

«ብቀመጥ ይፈጥናል?»

ወደ መንገዱ ዞረ። እኔም አልተቀመጥኩም።

ቤቴ ስደርስ አንድ ሰዓት ነው። የግቢዬ መግቢያ ላይ በበር ፈንታ የሚጋደሙት ሦስቱም እንጨቶች እንደተጋደሙ ናቸው፤ በኛ አገር ይሄ ባለቤቱ ራቅ ብሎ ሄዷል ማለት ነው። ቦማል ምንጣፉ ላይ ተኝቷል። ሳህኑ ላይ ትንሽ ምግብ አለ፣ የጠዋቱ ትራፊ መሰለኝ። አዲስ ጨመርኩለት፣ ፊቱን አዞረ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ የዓሣ መረቅ በጣቴ አቀረብኩለት። ሁለት ጊዜ ላሰ። ይሄም መብላት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩና ሁለት መስመር ወጋሁት።

ከወጋሁት አንድ ሰዓት ሳይሞላው ሊነሳ ሲል የኋላ እግሩ ከዳው። ግድግዳውን ተደግፎ ሄደ፣ ወደቀ፣ ደግሞ ተነሳ። ቆሌዬ ተገፈፈ። የመንደሪን አበባ ማር ድዱ ላይ እየለቀለቅኩ ታክሲ ጠራሁ፤ ታክሲው ውስጥም እየቀባሁት ነው፣ የሰውየው ወንበር ማር በማር ሆነ። ዶክተር ሂዮን ክሊኒኳን ልትዘጋ ስትል ደረስን። ደሙን አየችና ፊቷ ተለወጠ። ወዲያው ጉሉኮስ ሰካችለት።

«ስንት ወጉት?»

«ሁለት መስመር።»

«አንዴ ብቻ?»

«አንዴ ነው እንጂ።»

የደሙን ቁጥር ደግማ አየች። «እማማ፣ ሁለት መስመር እንዲህ አያደርገውም። ምናልባት ረስተው ደግመው እንዳይሆን?»

ደሜ ፈላ። ጃጅቻለሁ ወይ ልላት አፌን ከፈትኩ። ብሆንስ? ጠዋት የወጋሁት ትዝ ይለኛል። ማታ የወጋሁት ትዝ ይለኛል። የረሳሁትን እንዴት ብዬ ነው ትዝ የሚለኝ?

እሷ ዘንድ አደረ። ስትሸኘኝ በሩ ላይ «ቢተርፍም እማማ፣ መጠኑን በትክክል የሚያውቅ ሰው ከሌለ ልመልስልዎ አልችልም። ሌላ ጊዜ ይሞትብናል» አለችኝ። በክፋት አልነበረም የተናገረችው፣ ይኸው ነው የባሰብኝ። ለሚሪም ስደውልላት «እማዬ፣ ድመቱን ለሰው ስጪና ሴኡል እኔ ጋ ነይ፤ ባህሩም ይብቃሽ» አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁባት።

ሊነጋጋ ሲል ያገለገሉ መርፌዎች የማጠራቅምበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩ። መውጋት ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ቀኔ ነው፣ በቀን ሁለት፤ አርባ አራት መሆን አለበት። ቆጠርኩ፣ አርባ ስድስት። ደግሜ ቆጠርኩ፣ አርባ ስድስት። ሦስት ጊዜ ወግቼዋለሁ ማለት ነው። እጄን እያየሁ ተቀመጥኩ። ይሄ እጅ ነው የገዛ ድመቴን ሊገድል የነበረው፣ እኔ ደግሞ አላውቅም።

ሁለት ሰዓት ላይ ዶክተሯ ደውላ መትረፉን ነገረችኝ፤ መጥቼ እንድንነጋገርም ጠየቀችኝ። ቀጥታ ወደ ጠላቂዎቹ ቤት ሄድኩ። ሴቶቹ የላስቲክ ልብሳቸውን እየለበሱ ነው። እኔ እንደቆምኩ ተናገርኩ።

«ከዛሬ ጀምሮ አልጠልቅም። ጃጅቻለሁ። ትናንት ማታ ቦማልን ሦስት ጊዜ ወግቼው ሊሞትብኝ ነበር፤ ሁለቱን አላስታውሳቸውም። እሱንም ለሰው መስጠቴ ነው።»

ቹንጃ የመጥለቂያ መነጽሯን ስትወለውል እጇ ቆመ።

«እትዬ» አለችኝ። «አንዱን እኔ ነኝ የወጋሁት። አሥራ ሁለት ከሩብ ላይ እንጨቶቹን ተጋድመው ሳይ አልደረሰችም ብዬ ገባሁ። እምቢ ቢለኝ በትንሽ ቱና አታልዬ ነው።»

ምድጃው ጋ እትዬ ማንሱን አንገቷን ደፋች። የሷን አንገት ተደፍቶ አይቼ አላውቅም።

«አንዱን ደግሞ እኔ። ልክ አሥራ ሁለት ላይ። ሳህኑን ሙሉ አብልቼ ነው የወጋሁት።»

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ደስታ ነው የመጣው፣ ጤነኛ ነኝ ለካ። ቀጥሎ ንዴት።

«ታዲያ አትነግሩኝም? አንድ ቃል፣ አንዲት ወረቀት በር ላይ አትለጥፉም? ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ነፍሴ ስትወጣ ነው ያደረችው።»

«እኛ መቼ ነው እንዲህ ያለውን ነገር የምንናገረው?» አለች እትዬ ማንሱን፣ እሷም ተቆጥታ። «መረብሽ ውስጥ ቀንድ አውጣ ስንጨምርልሽ እንነግርሻለን?»

ቃሉ ከአፏ እንዳመለጣት ወዲያው ገባት።

ነገሩን አውቀዋለሁ። የአንዷ መረብ ሲቀል፣ ዞር ስትል ከራሳችን እፍኝ እፍኝ እንጨምርላታለን፤ አይወራም፣ አይመሰገንም፣ ከተነገረ ያዋርዳል። ለእትዬ ማንሱን ራሷ አሥር ዓመት ስጨምርላት ነበር። የኔ መረብ ቀሎ ያውቃል የሚል ሐሳብ ግን በሕልሜም መጥቶ አያውቅም።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩ።

«ተይው፣ ሱንዶክ» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካለፈው ክረምት» አለች ቹንጃ ቀስ ብላ።

አፈርኩ። ከመሬት በታች መግባት ነው ያማረኝ። መረቤ ሲመዘን ደረቴን ነፍቼ የቆምኩበት ቀን ሁሉ አንድ በአንድ እየመጣ ፊቴ ቆመ። ቅርጫቴን አንስቼ ልወጣ በሩ ጋ ደረስኩ። ብወጣ ደግሞ ወዴት ነው የምሄደው? ዶክተሯ ዘንድ ሄጄ ማን ይወጋዋል ልላት ነው?

እዚያው በሩ ላይ ሆኜ ደወልኩላት። የሆነውን ነገርኳት። ረጅም ትንፋሽ ስትተነፍስ ሰማኋት። «እንኳን እርስዎ አልሆኑ፣ እማማ» አለችኝ። «ግን ከዛሬ ወዲያ ማን መቼ እንደሚወጋው በግልጽ ይነጋገሩ። እርስዎ በማይኖሩበት ቀን አንድ ሰው ብቻ ይመድቡ። ይሄን ካደረጉ ዛሬውኑ ይውሰዱት።»

ነገ ቅዳሜ ለጆሮዬ ተመልሼ ከተማ እሄዳለሁ። በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ጥያቄ ነው። ግን በዚህ ቤት ውስጥ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ከማንም ምንም ጠይቄ አላውቅም፤ ማናችንም አንጠይቅም። ወደ ወለሉ እያየሁ አጉረመረምኩ።

«ምን አልሽ?» አለች እትዬ ማንሱን፣ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ። «ጮክ በይ እንጂ። እዚህ ቤት ውስጥ ደህና ጆሮ ያለው ማን ነው?»

እውነት አልሰማችኝ ይሆናል። ሰምታኝም ይሆናል።

«ነገ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አልኖርም» አልኩ፣ በሙሉ ድምፄ። «ቦማልን የሚወጋልኝ ሰው እፈልጋለሁ። እባካችሁ።»