የጀብሪል ሞተር ኩሽኔታ

ጀብሪልን የጠላሁት ሞተር ብስክሌቱን ከመግዛቱም በፊት ነው፤ ሲገዛ ባሰብኝ እንጂ። ቆዳ ነጋዴ ነው። በስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት ነጭ ኮቱን እያውለበለበ ከውርጌሳ ወደ መርሳ ሲያልፍ ልጁም ሽማግሌውም ሊያየው ይወጣ ነበር። እኔ አብዱልሐሊም መርሳ ላይ የወፍጮና የመኪና ሞተር ስጠግን አሥር ዓመቴ ነው። እኔን ለማየት የወጣ ሰው አላውቅም።

ሞተሩ ከሆዱ መንኳኳት ሲጀምር ወደ እኔ አመጣው። ፈታሁት። ዋናው ዘንግ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቆ ኖሯል፤ ውስጡ ያሉት የብረት ኳሶች ተቦርቡረዋል። አዲስ ከደሴ አዘዝኩ።

በገበያ ቀን የአውቶቡሱ ሹፌር በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለውን ዕቃ ሲያቀብለኝ ሀጂራ አጠገቤ ቆማ ነበር። የግራናው የአብዬ ሙሐመድዘይን ልጅ ናት፤ ሽማግሌ ልላክ አልላክ እያልኩ ሁለት ዓመት የፈጀሁባት።

"ምንድን ነው እሱ?" አለችኝ።

ወረቀቱን ገልጬ ሰጠኋት። በጣቷ አሽከረከረችውና "ወይ ጉድ፣ እንዴት ያምራል!" ብላ ሳቀች። ያን ሰዓት ደሴን ራሷን አምጣልኝ ብትለኝ እሺ እላት ነበር።

ወዲያው ጀብሪል ከተፍ አለ። "ሀጂራ፣ እንዴት ነሽ? ሐሙስ በግራና ሳልፍ አባትሽን ሰላም እላቸዋለሁ" አላት። ኩሽኔታውን መዳፌ ላይ ጣል አድርጋ ዞረች፤ ሻሿንም አስተካከለች። ለእኔ ብላ ሻሿን አስተካክላ አታውቅም።

አዲሱን ከነወረቀቱ ኪሴ ከተትኩት። አሮጌውን በቤንዚን አጥቤ፣ ወፍራም ግራሶ ጠቅጥቄበት መልሼ ገጠምኩት። ግራሶ ድምፁን ለጊዜው ያፍነዋል፤ ሲግል ግን ይቀልጣል። ግራና ሳይደርስ ዳገቱ ላይ ቀጥ እንደሚል አሰላሁ። በዚያ ነጭ ኮት ብረት እየገፋ፣ ገበያተኛ ሲስቅበት ታየኝና ደስ አለኝ።

"ቀይሬዋለሁ" አልኩት።

"አላህ ይስጥልኝ፣ ወንድሜ" አለኝ።

የሞተር ፀባይ አውቃለሁ። የነጋዴ ፀባይ ግን አላሰብኩም። ጀብሪል ለካ ቤንዚን ለመቆጠብ ቁልቁለት ባገኘ ቁጥር ሞተሩን አጥፍቶ ነው የሚንሸራተተው! ሞተሩ እየበረደ፣ እያረፈ ዳገቱን ሁሉ ወጣለት። የቆመው የት ነው? የአብዬ ሙሐመድዘይን ደጅ ላይ።

አብዬ ቆዳ ነጋዴ አይወዱም። ደጃፋቸው ላይ የቀረ ሰው ግን የአላህ እንግዳ ነውና አስገቡት። የማሽላ አጨዳ ደቦ ደርሶ ነበር። ጀብሪል ኮቱን አውልቆ ማጭድ ያዘ፤ አምስት ቀን ሙሉ ከሰፈሩ ሰው ጋር አጨደ። ይህን ሁሉ ያመቻቸሁለት እኔው ነኝ።

በስድስተኛው ቀን "መሣሪያህን ይዘህ ድረስ" ተባልኩና በበቅሎ ሄድኩ።

"መጣህ ልጄ?" አሉኝ አብዬ። "ይገርምሃል፣ ይሄ ብረት ባይሰበር ኖሮ ይሄን የመሰለ ልጅ እንደ ሌባ አየው ነበር።"

"አንቱ ደስ ካለዎ እኔም ደስ ይለኛል" አልኩ። ውሸቴን ነው።

ሞተሩን ስፈታ ጀብሪል አጠገቤ ቁጢጥ አለ። "አዲሱም ተሰበረ?"

"አንዳንዱ ከፋብሪካው ነው" አልኩት፣ ፊቱን ሳላይ።

የዙሁር ሰዓት ደርሶ ከአብዬ ጋር ሊሰግድ ተነሳ። ሀጂራ ከሰል አቀጣጥላ አመጣችልኝ። ኩሽኔታ በመዶሻ ተደብድቦ አይገባም፤ መቀመጫው ሲግል ይሰፋና ይቀበለዋል። መቀመጫው ያለበትን የሞተሩን ቤት ፍሙ ላይ አሞቅሁት። ጠብ ያደረግሁበት ውሃ ቸስ ሲል አዲሱን ከኪሴ አወጣሁ።

ሀጂራ ሰማያዊውን ወረቀት አየችው። ኩሽኔታውን ከእጄ ወስዳ እንደዚያን ቀን በጣቷ አሽከረከረችው። አሁን አልሳቀችም።

"ይሄን አውቀዋለሁ" አለች። "ያኔም ኪስህ ውስጥ ነበር ማለት ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ለማንም አልናገርም" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ጀብሪል ወደሚሰግድበት አየት አደረገች። "አባቴ በዚህ ወር ለማላውቀው ሰው ሊድሩኝ ነበር። አሁን ሐሳባቸውን ቀይረዋል። አላህ ይስጥልኝ።"

ስድብ ነበር የጠበቅሁት። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ኩሽኔታውን ተቀብዬ መቀመጫው ላይ ለቀቅሁት። በገዛ ክብደቱ ሰተት ብሎ ገባ፤ መዶሻ አልነካውም። ያን ያህል ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። በገበያ ቀን ባልና ሚስቱ በሞተሩ ላይ ሆነው በደጄ ሲያልፉ ሥራዬን አቁሜ አዳምጣለሁ። ምነው አንዴ እንኳ በተንኳኳ እላለሁ። አይንኳኳም።