ቦራ ጨዋ የሆነበት ሳምንት

የገመቹ የጋሪ ፈረስ ቦራ ሰው ይነክስ ነበር። በአዳማ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ጀርባ ባሉት የኪራይ ግቢዎች ይህን የማያውቅ አልነበረም። ገመቹ ውሃ በጀሪካን ጭኖ ከበር ሲደርስ፣ ከፋብሪካ ፈረቃ የወጡት ልጃገረዶች ጀሪካናቸውን የሚያወርዱት በጋሪው ኋላ ዞረው ነው። ቦራ ጆሮውን ለጥፎ ይጠብቃቸዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲጠመድም ሲፈታም እንዲሁ ነው። ገመቹ ራሱ የፈረሱን የሆድ ጠፍር ባጠበቀ ቁጥር ትከሻውን ማሸሽ ስለለመደ፣ ሌላ ሥራ ሲሠራም ወደ ግራ ዘንበል የሚል ሰው ሆኗል።

በጥቅምት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጠፍሩን ሲያጠብቅ ቦራ ዝም አለ። ጆሮው እንኳ አልተነቃነቀም። ገመቹ ወደ ግራ እንዳዘነበለ ትንሽ ቆየና ቀና አለ።

"ምን ነካህ አንተ?" አለው። ቦራ ዞር ብሎም አላየው።

ረቡዕም እንደዚያው። ሐሙስ አንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ስልኳን እያየች መጥታ ከፊቱ ቆመችና አፍንጫውን ዳበሰችው። ማንን እንደዳበሰች የገባት እጇን ካነሳች በኋላ ነው። ግቢው በሳቅ ተናጋ።

"ጋሼ ገመቹ፣ ፈረስዎን ቀየሩት እንዴ?"

"ሚስት አግኝቶ ይሆናላ!"

ገመቹም አብሮ ሳቀ። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ይለዋል፤ አስፋልቱን ባጃጆች ከወሰዱበት ወዲህ የሚሠራው በኮረኮንች ብቻ ነው። የማይነክስ ፈረስ አንድ ድካም ይቀንስለታል። ለምን አይስቅ?

ከሁሉ ይልቅ የተደሰተችው ሚስቱ ጉዲቱ ናት። ከሁለት ሳምንት በፊት ቦራ የአንዲት አከራይ ክንድ ነክሶ ገመቹ ከዚያ ግቢ ሲባረር፣ ጉዲቱ በቤት ኅብረታቸው የጸሎት ርዕስ ሲሰበሰብ እጇን አውጥታ "የፈረሳችን ጠባይ" ብላ ነበር። ሳቁን ለመደበቅ አፉን በእጁ የከደነ አልጠፋም። ቢሆንም ተጸለየ። አሁን ወሬው ለኅብረቱ ሰዎች ሲደርሳቸው፣ እሑድ መድረክ ላይ ወጥታ እንድትመሰክር ነገሯት። ጉዲቱ ሃያ ዓመት ሙሉ በቤተ ክርስቲያኑ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ናት፤ ስሟን ለመጥራት ሽማግሌዎቹ ሁልጊዜ ትንሽ ያስባሉ። ከሐሙስ ጀምራ ሽንኩርት ስትከትፍም ልብስ ስታሰጣም ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምትለውን እየተለማመደች ነው።

ዓርብ ጠዋት ገመቹ በረቱን ሲጠርግ መጥረጊያው ቀለለው። ሌላ ቀን አንድ ባሬላ የሚሞላው ፋንድያ አሁን አራት ደረቅ ፍሬ ነው። ፍሩሽካው ግማሹ በባልዲው ተርፏል። ቦራ ጥጉ ላይ ራሱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ የገዛ ጎኑን ዞሮ አየና ተመለሰ።

ጫነው። ቦራ ጎተተ። በጋሪ ሠራተኛ ዘንድ ፈረስ ታመመ የሚባለው መጎተት ሲያቅተው ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ጠባይ ነው ተብሎ ይታለፋል። ገመቹም ሰላሳ ዓመት በዚህ ኖሯል።

ቀትር ላይ በጋሪ መቆሚያው ሰብስቤን አገኘው። ሰብስቤ የዕድሜ እኩያው፣ እንደሱ ጋሪ ነጂ፣ ምላሱ ከጅራፉ የሚፈጥን ሰው ነው።

"አካም ኦልቴ፣ ኦቦ ገመቹ!" አለው በኦሮምኛ ሰላምታ እየሰጠው። "ፈረስህ ጰነጠጠ አሉ?"

"ተወኝ ሰብስቤ። ሐኪም ላሳየው እያሰብኩ ነው።"

"ማንን?"

"ቦራን።"

"ምን ሆነ ብለህ?"

ገመቹ መልሱን ሲያስበው ራሱንም አሳፈረው። "አይነክስም" አለ።

ሰብስቤ ከጋሪው ወርዶ ሳቀ። "ሰው ፈረሱ ሲከፋበት ሐኪም ጋ ይሮጣል። አንተ ጨዋ ሆነብኝ ብለህ ልትከሰው ነው? የኔን ሚስት አብረህ ውሰድልኝ እሺ፣ እሷ ግን ገና አልታመመችም!" ሳቁ ሲበርድ ግን ቦራን ዞሮ አየው። "ይጎትታል?"

"ይጎትታል።"

"እንግዲያው ሥራህን ሥራ። አርጅቶ ልብ ገዝቶ ነው። እኛም ወደዚያው ነን።"

ይህ ነገር ገመቹን ለጥቂት ሰዓት አሳረፈው። ድካም ሲበዛ የሚያሳርፍ ወሬ ሁሉ እውነት ይመስላል። ማታ ጠፍሩን ሲፈታ ግን እጁ በቦራ ሆድ ላይ ቆመ። ክፋቱ ብቻውን ቢጠፋ ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ከክፋቱ ጋር የምግብ ፍላጎቱም፣ ፋንድያውም፣ ሰው ሲጠራው ዞር ማለቱም ጠፍቷል። ጠባዩን ያረመ ፈረስ ፍሩሽካውን ለምን ይተዋል?

ቅዳሜ ጠዋት ጋሪውን ሳይጠምድ ቦራን በገመድ ብቻ ይዞ ሲወጣ ጉዲቱ በር ላይ አገኘችው።

"ጋሪውስ?"

"ክሊኒክ ልወስደው ነው።"

"ለምን?"

"አሞታል መሰለኝ።"

ጉዲቱ የያዘችውን ማሰሮ መሬት አኖረች። "የጋሮምሳ አባት" አለች፤ በልጃቸው ስም የምትጠራው ነገሩ ሲከብዳት ነው። "ነገ እኮ እሑድ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እግዚአብሔር የሰጠንን ሰላም በሽታ ነው ልትለው ነው?"

"እኔ ምንም አላልኩም። ራስሽ እዪው።"

ቀረብ አለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልነካችውን ፈረስ ጆሮ በመዳፏ ያዘችው። ቦራ ዓይኑን ጨፈነ። ጆሮው ቀዝቃዛ ነበር፤ እጇን ቶሎ አላነሳችም።

"እኔስ ነገ መድረኩ ላይ ምን ብዬ ልቆም ነው?" አለች በመጨረሻ።

ገመቹ ገመዱን ሳብ አድርጎ ሄደ። ከኋላው የማሰሮው ክዳን ሲወድቅ ሰማ። ዞሮ ለማየት አቅም አልነበረውም።

የእንስሳት ክሊኒኩ ቅዳሜ የሚሠራው እስከ ቀትር ነው። ሐኪሟ ሀኒ የምትባል፣ ቦት ጫማዋ እስከ ጉልበቷ የደረሰ ወጣት ነበረች።

"ምን ሆነ አባቴ?"

ገመቹ ለሳቅ ተዘጋጅቶ "ጨዋ ሆነ" አላት።

አልሳቀችም። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከማክሰኞ።"

"ከዚያ በፊት?"

"ይነክስ ነበር። አንቺንም እዚህ አያስቆምሽም ነበር።"

ከንፈሩን ገልብጣ ድዱን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ማዳመጫውን በጎኑ በአራት ቦታ እያኖረች ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ ማዳመጫውን ለገመቹ ጆሮ ሰጠችው።

"ምን ይሰማዎታል?"

"ምንም።"

"እንደ ወፍጮ መጮህ ነበረበት። አንጀቱ ተደፍኗል። ቀትር ላይ የት ነው የሚፈቱት?"

"አትክልት ተራ፣ ከቆሻሻው አጠገብ። የተጣለ ጎመን ያገኛል።" ይህን ሲል ድምፁ አነሰ። ሁሉም ጋሪ ነጂ እንዲሁ ያደርጋል፤ ለፈረስ የተረፈ ምሳ ነው ብለው ነው። ጎመኑ የሚጣለው ግን በፌስታል ተቋጥሮ ነው፤ ፈረስ ደግሞ ቋጠሮ አይፈታም።

ሀኒ አልተቆጣችም። ያ ደግሞ ባሰበት። "ብዙ ሰው የሚያመጣልኝ ሲወድቅ ነው" አለች። "የሚነክሰው ዝም ሲል፣ ዝምተኛው ሲነክስ፣ ሁለቱም አንድ ነው። ሕመም ሊሆን ይችላል። መብላቱንና ፋንድያውን ያያሉ፤ እነሱም አብረው ከተለወጡ አንድ ቀን አያሳድሩትም።"

"አራት ቀን አሠራሁት።"

"አሠሩት። አሁን አፍንጫውን ይያዙልኝ።"

በአፍንጫው ረጅም ቱቦ አስገብታ ዘይትና ጨው ያለበት ውሃ አንቆረቆረችለት፤ የሕመም ማስታገሻም ወጋችው። ምግብ እንዳይቀምስ፣ በየሰዓቱ እንዲዞር አዘዘች። "እስከ ነገ ቀትር ካልወጣለት ተስፋ አልሰጥዎትም። እኔ እሑድም ቢሆን እመጣለሁ።"

ገመቹ ከክሊኒኩ ጥበቃ ጋር አደረ። አዞረው፣ አቆመው፣ አዞረው። እሑድ ጠዋት ፀሐይ ከግቢው ግራር በላይ ከፍ ስትል ጉልበቱ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር፤ ከሱና ከፈረሱ ማን ማንን እንደሚጎትት አይለይም። ጉዲቱ አሁን መድረኩ ላይ ትሆናለች ብሎ አሰበ። ፈረሱ ቢሞት፣ እሷ በዚያ ቆማ ስለ ሰላሙ የተናገረችው ሁሉ ሰኞ የመንደር መሳቂያ ይሆናል። ይህ ከፈረሱ ሞት ያነሰ ይሁን የበለጠ መለየት አቃተው።

አምስት ሰዓት ገደማ የብረቱ በር ተንኳኳ። ጉዲቱ ነበረች፤ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳለች፣ መጽሐፍ ቅዱሷን በብብቷ ይዛለች፣ ያደረገችው ጫማ ተረከዙ ቀጭን ነው።

"ጉባኤው አለቀ?" አላት።

"አላለቀም። አቋርጬ ወጣሁ።"

"መሰከርሽ?"

"ወጣሁ መድረኩ ላይ። ማይኩን ሰጡኝ። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። 'የጸለያችሁለት ፈረስ ታሟል፣ ጠባዩ የተስተካከለው አሞት ነው' አልኩ።"

"ሳቁ?"

"አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሌላው ሳቀ።" አፍንጫዋን በጣቷ ጠረገች። "ፓስተሩ ዝም አሰኟቸውና 'እንግዲያው እንደ አዲስ እንጸልያለን' አሉ። እኔ ግን ዓይኔን ስጨፍን አንተን እዚህ ቆመህ አየሁህ። ወጥቼ መጣሁ።" እጇን ዘረጋች። "ገመዱን አምጣው።"

"በዚህ ጫማ?"

"አምጣው አልኩህ።"

ሰጣት። ጫማዋን አውልቃ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በጫማዋ ላይ አስቀምጣ ቦራን ይዛ ሄደች። ሦስተኛውን ዙር ሳይጨርሱ ቦራ ቆመ፣ ጭራውን አነሳ። የወጣው ትንሽ ነበር፣ ጥቁርና በዘይት የራሰ፣ መሐሉ ላይ ሰማያዊ የፌስታል ቁራጭ ያለበት። ሁለቱም እንደ ወርቅ ጎንበስ ብለው አዩት። ሀኒ ከውስጥ እየሮጠች መጥታ በእንጨት ገላለጠችው፤ ደግሞ ጎኑን አዳመጠች።

"ጀምሯል" አለች። "ገና ብዙ አለ ውስጡ። ግን ጀምሯል።"

"ሥራ መቼ ይገባል?" አለ ገመቹ።

"ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ጋሪ አያሳዩት።"

ሦስት ሳምንት ያለ ገቢ። ገመቹ ሄዶ ከግራሩ ሥር ተቀመጠ። ጉዲቱ አየችው።

"ጋደም በል። እኔ አዞረዋለሁ።"

ጋደም አለ። ዓይኑ ከመከደኑ በፊት በመጨረሻ የሰማው የሚስቱን ድምፅ ነው። ከፈረሱ ጎን በባዶ እግሯ እየሄደች በቁጣ ታናግረዋለች፤ "በል ሂድ፣ አትቁምብኝ። በሰው ፊት አሳፍረኸኝ ደግሞ ልትሞትብኝ ነው? ሂድ እንጂ!"