በስልክ የተቀዳ «ገባኝ»

ልብስ ሰፊዋ ከፊቷ ከተቀመጠው ሰውዬ ኮት ላይ የተንጠለጠለውን ክር በሁለት ጣቷ ያዘች፤ ቀስ ብላ ጣቷ ላይ ጠምጥማም በጠሰችው። ሰውዬው ነገሬ አላለም።

«እትዬ፣ እጅሽን ሰብስቢ» አለቻት ታናሽ እህቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «የመጣነው ልንከስ ነው፣ ልንሰፋ አይደለም።»

«ዓይኔ እያየ እንዴት ልተወው?»

«እሱንም ለቅሬታ ክፍሉ አመልክቺ።»

የመቆያው ክፍል ወንበሮች ከወለሉ ጋር በብሎን ታስረዋል። ጥግ ላይ የውሃ ማጣሪያ ቆሟል፤ ብርጭቆ ግን የለውም። ሰው ሁሉ ፋይሉን ደረቱ ላይ ለጥፎ ተራውን የሚጠራውን ሰሌዳ ያያል። እህትማማቾቹም ያያሉ። የመጡት የገንዘብ ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ለአቤቱታቸው የሚሰጠውን መልስ ሊሰሙ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው ስታርፍ ቤቷን ሸጡ። በገንዘቡ አነስ ያለች ቤት ገዝተው ከኪራይ ሊገላገሉ ነበር። የሚሆን ቤት እስኪገኝ ግን አንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት ወጣት አማካሪ ደጃቸውን ማንኳኳት ጀመረ። በር ላይ ግንባሩ ጉልበቱን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው እጅ ይነሳል፤ ታናሽየዋ «አጎንባሹ» ያለችው ለዚህ ነው። «እናቴ፣ ዝም ብሎ ከሚተኛ ይሥራላችሁ፤ እንደ ባንክ ቁጠሩት» አላቸው። ገንዘቡን ወስዶ ያስገባው ግን ዛሬ ሰማይ ነክቶ ነገ መሬት የሚፈጠፈጥ ነገር ውስጥ ነበር። ተፈጠፈጠ። አጎንባሹ ሥራ ቀይሯል አሉ፤ ስልኩም አይነሳም። አከራያቸው ደግሞ ልጁን ሊድር ነውና ክፍሎቹን ፈልጓቸዋል። ቀጠሮው የወሩ መጨረሻ ነው።

ተራቸው ደረሰ። የቅሬታ ሠራተኛው የሸሚዙ አንገት የነተበ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ወደ ጠባብ ክፍል አስገብቶ ወንበር ሳበላቸው።

«ከድርጅቱ የስልክ ቅጂ አስመጥተናል» አለ። «ከውሳኔው በፊት ብትሰሙት ይሻላል።»

«እንስማዋ!» አለች ታናሽየዋ። «ውሸቱ ይውጣ።»

ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ቁልፉን ተጫነ። ስልኩ ጠራ፤ ከዚያ የልብስ ሰፊዋ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ሀሎ!»

«እናቴ፣» አለ አጎንባሹ፣ «ይህ ጥሪ ይቀዳል። ይስማማሉ?»

«ምን ከፋኝ ልጄ። እናትህ ተሻላት?»

«ደህና ናት። የማነብልዎትን ያዳምጡኝ። ገንዘብዎ የሚገባበት ከፍተኛ ስጋት ያለው…» ሳል አቋረጠው።

«ውይ! ጉንፋኑ አልለቀቀህም እንዴ?»

«…ስጋት ያለው መሆኑን፣ ያስገቡት በሙሉ ሊጠፋ እንደሚችል ተረድተዋል?»

«ገባኝ፣ ገባኝ።»

«ከጊዜው በፊት ላውጣ ቢሉ ደግሞ…» አሁንም ሳለ።

«አትድከም ልጄ፣ ሁሉም ገብቶኛል። ይልቅ ትኩስ ነገር ጠጣና ተኛ።»

ቅጂው ውስጥ ሁለቱም ሳቁ። እዚህ ግን የሳቀ የለም። ልብስ ሰፊዋ የገዛ ሳቋን ስትሰማ የሰው ዕቃ ይዛ የተገኘች ይመስል ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

«ከመደወሉ በፊት ባለው ማታ ቤታችን መጥቶ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ነገ የምደውለው ለወጉ ያህል ነው፣ ወረቀት ነው የማነበው አለኝ። አለቃዬ ስለሚሰማ ጥያቄ ካበዙብኝ ሥራ አልቻልክም ይለኛል፣ «ገባኝ» ብቻ ይበሉኝ ብሎ ለመነኝ። አንጀቴን በላኝ።»

«ያን ሲል የተቀዳ ነገር አለ?»

«እቤታችን ማን ይቀዳል የኔ ልጅ?»

«እኔ ሰምቻለሁ!» አለች ታናሽየዋ። «ጓዳ ሆኜ አንድ በአንድ ሰምቻለሁ።»

«እርስዎም የገንዘቡ ባለቤት ነዎት። የእርስዎ ምስክርነት ብቻውን አይበቃም።»

ልብስ ሰፊዋ እጆቿን አየች። እንዴት ብላ ታስረዳው? ዕድሜዋን ሙሉ በሠራችበት ሱቅ ደንበኛ ፊት «አልገባኝም» አይባልም። ደንበኛዋ እጇን በአየር ላይ እያወናጨፈች ጨርቅ ያልነካውን ቀሚስ ስታስረዳ «ገባኝ» ትያለሽ፤ የሚገባሽ ማታ፣ ጨርቁን ዘርግተሽ መቀሱን ስታነሺ ነው። ያልገባሽ ቢኖር ጠዋት ደንበኛዋን አስጠርተሽ ታስለኪያታለሽ። ለእሷ «ገባኝ» ማለት «ቁጭ በይ፣ እናየዋለን» ማለት ነበር። ፊርማ ይሆናል ብላ መች አሰበች።

ይህንኑ እየተንተባተበች ነገረችው። ሰውዬው እስከ መጨረሻው ሰማት፤ አላቋረጣትም።

«እኔ አምንዎታለሁ» አለ። በሩን ገርመም አድርጎ ድምፁን ቀነሰ። «ግን የሚወሰነው በማስረጃ ነው። ድርጅቱ ስጋቱን አንብቦልዎታል፣ እርስዎም ተረድቻለሁ ብለዋል። ስለዚህ አቤቱታው ተዘግቷል። ወር ሳይሞላው ይግባኝ ማለት ይችላሉ። አዲስ ማስረጃ ከሌለ ግን… አልዋሽዎትም። ገባዎት እናቴ?»

ታናሽየዋ በጠረጴዛው ሥር ክንዷን ቆነጠጠቻት።

«አልገባኝም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ቃሉ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ሰውዬው ሳይሰለች እንደገና አስረዳት። «ገባዎት?»

«አልገባኝም።»

አሁንም አስረዳት፤ ወረቀት አውጥቶ በቀስት እየሣለ ጭምር። የድርጅቱ ግዴታ እዚህ፣ የእርስዎ ቃል እዚህ። ቀስቶቹ ሁሉ የሚያመሩት ወደ አንድ ቦታ ነው። ውጭ ወንበር ሙሉ ሰው ተራ ይጠብቃል። የሰውዬው ድምፅ ሻከረ፣ ዓይኑን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። ምሳም አልበላ ይሆናል ስትል አሰበች። አሥር ጊዜ አልገባኝም ብትል አሥር ጊዜ ያስረዳታል። ቤት ግን አይሰጣትም።

«ገባኝ» አለች።

ታናሽየዋ ክንዷን ለቀቀችው።

አውቶቡስ ውስጥ አንድ ብረት ይዘው ጎን ለጎን ቆሙ። ከወረዱ በኋላ ነው ታናሽየዋ የተነፈሰችው።

«እሱንም ትኩስ ነገር ጠጣ በዪው እንጂ! ምነው ረሳሽው?»

«እንዳልል ፈርቼ ነው ቶሎ የወጣሁት።»

ታናሽየዋ ሳቅ አመለጣት። ሳቁ ግን መንገድ ላይ ተበላሸና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ልብስ ሰፊዋ አጠገቧ ቆመች። መሐረብ ሰጠቻት።

ግቢው ውስጥ አከራዩ ሜትር ይዞ የመስኮታቸውን ስፋት ሲለካ አገኙት። ሲያያቸው ሜትሩን ከኋላው ደበቀ።

«እንደምን ዋላችሁ… እ፣ መልሱ መጣ?»

«መጣ» አለች ታናሽየዋ። «ግባና ከውስጥ ለካ፤ መጋረጃ የሚሰቀለው ከውስጥ ነው።»

«ኧረ አይቸኩልም እታለም፣ ኧረ በፍጹም…» እያለ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄደ። ደግ ሰው ነው፤ የሚቆጡት እንኳ አልሆነላቸውም።

ልብስ ሰፊዋ ጫማዋን ሳታወልቅ ከአልጋ ሥር ባዶ ካርቶን ጎተተች። ከቁም ሳጥኑ የእናታቸውን ሳህኖች አወረደች፤ እያንዳንዱን በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልላ በጠርዙ አቆመችው፤ ተኝቶ የተጫነ ሳህን መንገድ ላይ ይሰነጠቃል። ታናሽየዋ በሩ ላይ ተደግፋ ስታይ ቆየች።

«የት ልንወስደው ነው እትዬ?»

«እንጃ።»

ታናሽየዋ ቁጭ ብላ ጋዜጣ መቅደድ ጀመረች። አንዷ ስትሰጥ ሌላዋ ስትጠቀልል ሳህኖቹ አለቁ። ልብስ ሰፊዋ የካርቶኑን ክዳን አጠፈች፣ በገመድ በመስቀለኛ አሰረችው፣ ነቅነቅ አድርጋም አዳመጠች። ምንም አልተንኳኳም። በእግሯ እየገፋች ከበሩ ኋላ፣ ለመተላለፊያ በማያስቸግር ቦታ አስቀመጠችው።