የጠጠር መንገድ ሰዓት

የአቶ አልድሪች ደም በመስፈርቱ ረቂቅ አሥራ ዘጠነኛ ገጽ ላይ ተንጠባጠበ። ሰብሳቢው ከነወንበራቸው ወደ ኋላ ወድቀው፣ አፍንጫቸውን በሁለት መዳፋቸው አፍነው ያቃስታሉ። የመታቸው ሰው፣ ዴልማር ክራል፣ እላያቸው ላይ ቆሞ የገዛ ቡጢውን ያያል። በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የተሰበሰቡት ሠላሳ ያህል ሰዎች ከወንበራቸው ብድግ ብለዋል።

ዴልማር የመጣው ሦስት ደቂቃ ሊናገር ነበር። የግዛቱ ኮሚቴ ወጣቶች መኪና መንዳት የሚማሩበትን መስፈርት በየስምንት ዓመቱ ይከልሳል፤ ከመከለሱ በፊትም በየወረዳው እየዞረ ሕዝብ ያዳምጣል። ተራው ሲደርስ ቆቡን አውልቆ ስለ ልጁ ተናገረ። ቶቢን አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሥልጠናውን በሙሉ ነጥብ ጨርሶ መንጃ ፈቃድ በያዘ በአሥራ አንደኛው ቀን ጠጠር መንገድ ላይ ተገልብጦ ሞተ። «ይህን መጽሐፋችሁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት» አለ፤ «ጠጠር የሚል ቃል የለበትም።» አቶ አልድሪች አመሰገኑት። ሐዘኑን እንደሚጋሩ፣ ነገር ግን በጠጠር መንገድ የሚደርሰው አደጋ ከጠቅላላው አራት በመቶ እንደማይሞላ ገለጹለት።

«አራት በመቶ» አለ ዴልማር። ከዚያ ነው ጠረጴዛውን የዞረው።

አሁን ፊቱን ወደ ሮዊና ስትሩክ መለሰ። ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት የዚህ አካባቢ ተወላጅ እሷ ብቻ ናት፤ በዚሁ ትምህርት ቤት ሠላሳ አራት ዓመት መንዳት አስተምራለች። ክንዷን ያዘ። ዕድሜውን ሁሉ ከእህልና ከብረት ጋር የታገለ እጅ ነው፤ ጣቶቹ አጥንቷ ድረስ ዘለቁ።

«ይነሱ፣ ወይዘሮ ስትሩክ። ከእኔ ጋር ይሄዳሉ።»

«ዴልማር፣ ተው እንጂ ልጄ።»

«ይነሱ ብያለሁ።»

«ሸሪፉን ጥሩ!» የሚል ጩኸት ከኋላ ተሰማ። ሸሪፉ፣ የወረዳው ፖሊስ አለቃ፣ አርባ ማይል ርቆ ነበር። አንድ ጎልማሳ በሩ ላይ ሊያግደው ቢሞክር ዴልማር በትከሻው ገፍትሮ ከመደርደሪያው ጋር አላተመው፤ መደርደሪያው ከነመጻሕፍቱ ተንዶ ተጫነው። ሮዊና መጮህ ትችል ነበር። እግሯን አጥብቃ መሬት ላይ መቀመጥም ትችል ነበር። አላደረገችውም። ቶቢን ከተቀበረበት ከሰኔ ጀምሮ፣ አንድ ሰው መጥቶ እንዲህ ክንዷን ይዞ የሚያስነሳትን ቀን ስትጠብቅ የኖረች መሰላት።

የዴልማር ፒክአፕ መኪና ከከተማ ሲወጣ ፀሐይዋ ገና ዘንበል ማለት መጀመሯ ነበር። ከግራና ከቀኝ ያልታጨደ በቆሎ ደርቆ ቆሟል። አስፋልቱ ከእህል ጎተራዎቹ አጠገብ አለቀና ጎማዎቹ ጠጠሩን ሲነኩ የመኪናው ድምፅ ተለወጠ፤ ከሆዱ ስር ድንጋይ ይጨፍር ጀመር። ሮዊና ቀበቶዋን አሰረች። እሱም አሰረ። እሷ ያስተማረችው ልማድ ነው።

«ያስታውሳሉ?» አላት፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «እኔን ያስተማሩኝ እዚህ ነው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። መሪውን ከእጄ ነጥቀው ቀኙን ጎማ ጠርዝ ላይ ከከተቱት በኋላ ‹በል አሁን አውጣን› አሉኝ። ሱሪዬ ላይ ልሸና ነበር።»

«አስታውሳለሁ። ጥሩ አድርገህ አወጣኸን።»

«ቶቢንንስ የት ወሰዱት?»

ሮዊና የቀበቶዋን ጠርዝ ጨበጠች።

«ልጄን የት ወሰዱት ነው የምልዎ!»

«የገበያ አዳራሹ ግቢ። በሁለት መኪና መሃል ማቆም።»

«በሁለት መኪና መሃል!» ሳቀ፤ ሳቁ አስፈሪ ነበር። «እዚህ አገር ሁለት መኪና ጎን ለጎን ቆሞ የት አይተው ያውቃሉ? ቀብር ላይ ካልሆነ።»

የፍጥነት መቁጠሪያው ከሃምሳ ማይል አለፈ። የመኪናው የኋላ ክፍል ወዲያና ወዲህ መዋዠቅ ጀመረ። ሮዊና እያንዳንዱን መዋዠቅ በወገቧ ታነበዋለች፤ አካሏ ከአእምሮዋ ቀድሞ ያሰላል። አንድ ጠጠር ከጎማው ተፈናጥሮ የፊቱን መስታወት ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው።

«ዴልማር፣ በጣም አዝናለሁ። ከልቤ ነው የማዝ…»

በእጁ ጀርባ አፏን መታት። ራሷ ከበሩ መስታወት ጋር ተጋጨ፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ አፏ ደም ደም አላት። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ማንም መቷት አያውቅም ነበር። የገረማት ሕመሙ ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ቃል ነበር።

«እንዳታዝኚልኝ! ሰማሽ? አንቺ እንዳታዝኚልኝ!»

አንቺ አላት። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በመንገድ ሲያገኛት ቆቡን ሳያነሳ አልፏት አያውቅም።

ከፊታቸው መንገዱ ወደ ግራ ሊታጠፍ ነው። ከመታጠፊያው ማዶ፣ ቦዩ አፋፍ ላይ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ትንሽ የእንጨት መስቀል ቆሟል። ዴልማር ማጅራቷን ጨምድዶ ፊቷን ወደዚያ አዞረው።

«አስተምሪኝ እንግዲህ። ለእሱ ያልሰጠሽውን አሁን ስጪኝ።»

መቁጠሪያው ሰባ ደረሰ።

«ነዳጁን ልቀቅ» አለች። ድምፅዋ ከልማድ ብዛት የተረጋጋ ነበር፤ ሺህ ልጅ የሰማው ያ ድምፅ። «ፍሬን አትንካ። መሪውን አላላው። ዓይንህ ቦዩን እንዳያይ፤ መሄድ የምትፈልግበትን ብቻ እይ። ልቀቅ፣ ዴልማር። አሁን ልቀቅ።»

የሰማት መሰላት። እግሩ ለአንድ አፍታ ከነዳጁ ተነሳ፣ የመኪናው አፍንጫም ወደ መንገዱ መሃል ተመለሰ። ከዚያ ዞሮ አያት፤ ሊያደርግ ያሰበው ያኔ ገባት። ልጁ ያደረገውን ሊያደርግ ነው፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ፍጥነት።

«አትርገጥ!»

ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጠው፣ መሪውንም ጠመዘዘው።

ጎማዎቹ መዞራቸውን አቆሙ፤ መኪናው ግን አልቆመም። በጎኑ እየተንሸራተተ፣ ጠጠሩን እንደ ማዕበል እያነሳ ሄደና ቦዩን ሲነካ ዘለለ። ሰማይ ከእግሯ ስር መጣ። ጣሪያው ወደ ውስጥ ተጨፈለቀ፣ መስታወቱ ሁሉ ባንዴ ረገፈ፣ የመሣሪያ ሣጥኑ ከኋላ ተወርውሮ ጆሮዋ አጠገብ አለፈ። የአንገቷ ስር አጥንት ቀበቶው ላይ ቀጭ ሲል በጆሮዋ ሰማችው። ሦስት ጊዜ ተገለበጡ፤ ቆጥራዋለች። ሁሉ ነገር ሲቆም የተሰማው ነገር ቢኖር አንድ ጎማ በአየር ላይ ሲሽከረከርና የበቆሎው ቅጠል ሲንሿሿ ብቻ ነበር።

ቁልቁል ተሰቅለዋል። የዴልማር ፊት በደም ተሸፍኖ ዓይኑ ብቻ ነጭ ሆኖ ይታያል። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ወዳልተፈጠረበት አቅጣጫ ዞሯል።

«ንገሪኝ» አለ። «ያቺን አንድ የጠጠር መንገድ ሰዓት ብትሰጪው ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

«አላውቅም።»

«ታውቂያለሽ!»

ልትዋሽ ትችል ነበር። «ባለፈው ክለሳ የጠጠሩን ሰዓት ከመስፈርቱ ለማውጣት ድምፅ የሰጠነው ዓርብ ከሰዓት ነበር» አለች፣ ደም እየተፋች። «የከተሞቹ አባላት ‹እኛ ጋ ጠጠር የለም፣ ሰዓቱ ለሌላ ይዋል› አሉ። በረዶ ሊጥል ነበር፤ ከመጣሉ በፊት ቤቴ መግባት ፈለግኩ። ላለመከራከር እጄን አነሳሁ። ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ዴልማር ከጉሮሮው እንደ ታረደ በሬ ያለ ድምፅ አወጣ። ጣሪያውን፣ አሁን ወለል የሆነውን ጣሪያ፣ በቡጢው ይደበድበው ጀመር። የመስታወት ስባሪው ጣቶቹን እየቀደደው ደበደበ፣ ክንዱ እስኪዝል። ሮዊና አላቆመችውም። የነዳጅ ሽታ ሲመጣ ግን ቀበቶዋን ፈታች፤ በተሰበረው ትከሻዋ ላይ ወድቃ ጮኸች።

የእሱ ቀበቶ ተቀርቅሮ አልፈታ አለ።

«ቢላዋህን ስጠኝ።»

«ተዪኝ። ሂጂ።»

«ቢላዋህን አምጣ ነው የምልህ!» እጇን ኪሱ ውስጥ ከትታ ራሷ አወጣችው፤ ስለቱን በጥርሷ ከፈተች። ቀበቶው አንገቱ ስር ነው የሚያልፈው። ቢላዋው እዚያ ሲያርፍ ዓይን ለዓይን ተያዩ። እሱ አልተንቀሳቀሰም። ከንፈሯ ያብጣል፣ ትከሻዋ ይነድዳል፤ የመታት እጅ በመዳፏ ርቀት ተንጠልጥሏል። ከዚያ ቀበቶውን ገዘገዘችው። ሲወድቅ በአንድ እጇ አንገትጌውን ይዛ፣ «ግፋ! በደህናው እግርህ ግፋ!» እያለች ጎተተችው። በጩኸት፣ በእርግማን፣ እየወደቀች እየተነሳች መንገዱ ጠርዝ ላይ አደረሰችው። ተጋድመው ያለከልኩ ጀመር።

ያገኘቻቸው አንዲት የገበሬ ልጅ ናት። ጆሊን ትባላለች፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከእርሻ ወደ ትምህርት ቤት ብቻ እንድትነዳ በሚፈቅደው ወረቀት የአባቷን አሮጌ መኪና ይዛ ከመረብ ኳስ ልምምድ ትመለሳለች። ከመኪናው ወርዳ አፏን በእጇ ያዘች።

«አቶ ክራል? አምላኬ! ማን ነው እንዲህ ያደረጋችሁ?»

ሮዊና በደህና እጇ የዴልማርን እግር አሳየቻት።

ስልክ እዚያ ቦታ አይሠራም። ልጅቷ እያለቀሰች የዴልማርን እግር በኳስ ልብሷ አሰረች፤ ብብቱን ይዛ ወደ ኋላ ወንበር ጎተተችው። ሮዊና ከፊት ተቀመጠች። ሆስፒታሉ ያለበት ከተማ ድረስ አሥራ ስምንት ማይል ነው፤ ሁሉም ጠጠር።

ጆሊን በሁለት እጇ መሪውን አንቃ ትነዳለች። አገጯ ከመሪው ብዙም አይበልጥም። ትንሽ ከሄዱ በኋላ በስርቆሽ ዞር ብላ አየቻት።

«እርስዎ መንዳት የሚያስተምሩት ነዎት አይደል? በሚመጣው በጋ እርስዎ ጋ ነኝ። ወንድሜ ግን ማቆም ብቻ ነው የሚያስተምሩት አለኝ።»

ከኋላ ወንበር የዴልማር ማቃሰት ባንዴ ተቋረጠ። ሮዊና በመስታወቱ ውስጥ ልታየው አልደፈረችም።

«መንገዱን እይ፣ የኔ ልጅ» አለች።

ኮረብታው ጫፍ ላይ በቆሎ የጫነ ትልቅ መኪና ብቅ አለ። በመሃል መንገድ እየጋለበ መጣ፣ ወደ ዳር ሸሸ፣ በጎናቸውም እየነጎደ አለፈ፤ ከኋላው የጎተተው አቧራ እንደ ግድግዳ ከፊታቸው ቆመ። መንገዱ ጠፋ። ቦዩ ጠፋ። የሮዊና ቀኝ እግር ሳታዘው ባዶውን ወለል ረገጠ፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላዋ የዴልማር ደህና እግር የወንበሯን ጀርባ ሲረግጠው በአከርካሪዋ ተሰማት። ሁለቱም አፋቸውን ከፈቱ።

«እንዳትጮሁብኝ!» አለች ልጅቷ፣ ወደ ነጩ አቧራ ውስጥ እየገባች።