የሰፈራችን ፊውዳል

«ልጅቷ ማስተርሷን ሳትጨርስ አልድርም! ግቡ፣ ተቀመጡ፣ እህል ቅመሱ፤ ነገሩ ግን አይሆንም» አሉ እማማ የማርያምወርቅ፣ ገና ከደጃፋቸው ሳናልፍ።

ጥፋቱ የእኛ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነጠላውን አጣፍቶ፣ ካህን አስቀድሞ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብሎ የቆመ ሰው፣ የካ ውስጥ ማንም ቢያየው ልጅ ሊጠይቅ መጣ ነው የሚለው። የልጅ ልጃቸው ሔራንም ከጓዳ ብቅ አለች።

«ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ሰውየውን አውቀዋለሁ?»

«ታውቂዋለሽ። ሰባን አልፏል፤ ስኳርም አለበት» አልኳት።

ቄስ ሠረቀብርሃን ገላመጡኝ። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የወረዱት ለጎረቤታችን ለጋሽ ዓምደ ሚካኤል ብለው ነው፤ የንስሐ አባታቸው ናቸው። «ጋብቻ አይደለም እማማ፣ እርቅ ነው» አሉ። «ዓምደ ሚካኤል ጤናው እየደከመ ነው፤ መቁረብ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ከእርስዎ ሳይታረቅ አይሆንም ብዬዋለሁ።»

«መቼ ተጣላንና? እድር ላይ ሰላም ይለኛል።»

«ስለ ስምዎ ነው» አልኩ።



ስማቸው በሰፈሩ «ፊውዳሏ» ነው። ባለሱቁ ሀሚድ ዕቃ ሲልክ «ለፊውዳሏ አድርስ» ይላል። ሔራን ራሷ ለቤቱ ዋይፋይ ያወጣችው ስም ይኸው ነው። እኔም ያን ጠዋት ለቄሱ ቤቱን ሳሳይ «የፊውዳሏ ግቢ ይኼ ነው» ብያለሁ፤ ለእርቅ እየሄድኩ!

ስሙን ያወጡት ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ናቸው። አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን ወጣት አስተማሪ ነበሩና የቀበሌውን የውይይት ክበብ ይመሩ ነበር አሉ። የሚወያዩበት መጽሐፍ «ጨቋኝ መደብ የሌለበት ኅብረተሰብ የለም» ይላል፤ በሰፈራችን ግን ጨቋኝ ተፈልጎ ጠፋ። ያለው ዘበኛ፣ ሸማኔና እንጨት ሻጭ ነው። ታዲያ መጽሐፍ ይሳሳታል? እማማ ከጓሮ አንዲት ክፍል ሠርተው ለሸማኔ አከራይተው ነበርና፣ ጋሼ በስብሰባው መሀል ጣታቸውን ወደ እሳቸው ቀሰሩ።

ክፍሏ በትርፍ ቤት አዋጁ ተወረሰች፤ እሱስ የስንቱ ዕጣ ነው። የባሰው ሌላ ነው። እድር ላይ አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ። ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ተሰደቡበት። ዘመኑ ሲያልፍ ፍርሃቱ ለቀቀና ስሙ ቀረ፤ እያደር ቀልድ ሆነ። ቀልድ ከሆነ ወዲያ ደግሞ ማን ያዝንላቸዋል?

ደጅ የሚጠብቁትን ጋሼን ልጠራ ወጣሁ። በወጉ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚገባው። የእንጦጦ ሥር ሰው ድንጋይ ቸግሮት አያውቅም፤ እሳቸው ግን ከመንገዱ ዳር አንድ ኮብልስቶን አንስተው ማጅራታቸው ላይ ጭነዋል። ገብተው ከእማማ እግር ሥር ተንበረከኩ።

«እትዬ የማርያምወርቅ፣ ጊዜው የሽግግር ጊዜ ነበር። ርዕዮተ ዓለሙ፣ ተጨባጭ ሁኔታው፣ የዓለም የኃይል አሰላለፍ...»

«ይቅርታ የሚጠይቀኝ አንተ ነህ ወይስ አሰላለፉ?»

ሔራን አፏን በእጇ ያዘች። ጋሼ አንገታቸውን ደፉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ እኛም ያልሰማነውን ተናገሩ። «ደግሞ አንዴ አይደለም። ደርግ ሲወድቅ ኮሌጅ አስተምር ነበር፤ የግፍ ሰለባ እያልኩ እርስዎኑ ምሳሌ አደረግሁ። በኋላ ሌላ መጽሐፍ መጣ፤ ንዑስ ከበርቴ አልኩዎት። መጽሐፉ በተቀየረ ቁጥር እርስዎን ነው የምቀይረው። እዚሁ አጥር ለአጥር እየኖርን፣ አንድ ቀን እንኳ መጥቼ እርስዎስ ምን ይላሉ ብዬ አልጠየቅሁም።»

በእማማ ስም ስቀልድ የኖርኩት እኔም የማይበት አጣሁ።

«ሸማኔው» አሉ እማማ፣ «ኪራዩን ለቀበሌ ከፍሎ ሲመለስ በጓሮ ሾልኮ ይገባና ከእኔ ጋር ምሳ ይበላ ነበር። ተጨቋኙ ከጨቋኟ ጋር ሲበላ እንዳይታይ ነው መደበቁ። እሱን አስተማርክበት?»

«አላወቅሁም።»

«መጽሐፉ ላይ የለማ።» ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ነካ አደረጉት። «አውርደው፣ ወገብህን ትጎዳለህ። ደግሞ እሱም እንደ ጓሮዋ ክፍሌ የመንግሥት ነው፤ ካነሳህበት መልስ።»

ጋሼ ድንጋዩን አወረዱት፤ ከተንበረከኩበት ግን አልተነሱም። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ።

«እንግዲህ እማማ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ይበሉና ይሂድ።»

እማማ የጋሼን ሽበት አዩ፤ መስቀሉን አዩ፤ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቅር ካልኩትስ» አሉ፣ «ደግሞ ምን ብሎ ሊያስተምርብኝ ነው?»